«ኛ»ን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ፦ ጅማ ላይ ለሚማሩና ለሚሠሩ የቅደም ተከተል ቃላት መመሪያ

አማርኛ ቅደም ተከተልን የሚገልጽበት መንገድ ቀላል ነው፤ ከቁጥሩ መጨረሻ ላይ «ኛ»ን መጨመር ይበቃል። አምስት አምስተኛ ይሆናል፣ ሃያ ሃያኛ ይሆናል፤ በጽሑፍም 5ኛ፣ 20ኛ፣ 125ኛ ተብሎ ያልቃል። እንግሊዝኛም ለዚሁ ሥራ «ፈርስት»፣ «ሰከንድ»፣ «ሰርድ» እያለ የሚወርድ የራሱ ተርታ አለው፤ ስለዚህ አብዛኛው ተማሪ ተርታውን በቃሉ ካጠና በኋላ በአማርኛው «ኛ» ባየ ቁጥር ከዚያ አንዱን አንሥቶ ለማስገባት ይሞክራል። ስሕተቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። አማርኛ «9ኛ ክፍል» ሲል የኛ አገር እንግሊዝኛ «ግሬድ ናይን» ብሎ ተራ ቁጥር ይጠቀማል፤ አማርኛ «ግንቦት አምስት» ብሎ በተራ ቁጥር ሲቆጥር ደግሞ እንግሊዝኛ ቀኑን «ፊፍስ» ብሎ በቅደም ተከተል ቃል ይጠራዋል። ስለዚህ ከተርታው በላይ ሊጠና የሚገባው፣ ቃሉ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚገባና የትኛው ቦታ ላይ እንደማይገባ ነው።

መመሪያው በተለይ የታሰበው እንግሊዝኛን ጅማ ውስጥ በየቀኑ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው፦ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለሚያስጎበኙ፣ በሆቴል እንግዳ ለሚቀበሉ፣ ቡና ከውጭ ገዢ ጋር ለሚነጋገሩ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ ሁሉ በግዕዝ ፊደል ጽፌዋለሁ። «ቲ» እና «ኤች» ተጣምረው የሚሰጡት ድምፅ በፊደላችን ስለሌለ፣ በቅደም ተከተል ቃላት መጨረሻ ላይ ሲመጣ በ«ስ» ወክዬዋለሁ፤ በንግግር ግን የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ትንሽ ወጣ ይልና አየር ብቻ ይለቀቃል። ይህን ድምፅ «ስ» ወይም «ት» አድርጎ መናገር መግባባትን እምብዛም አያግድም። ፈጽሞ መዋጥ ግን ያግዳል፤ «ፎርስ» መጨረሻዋን ካጣች «ፎር» ትሆናለች፣ አራተኛው ተብሎ የታሰበውም አራት ሆኖ ይሰማል።

አመሠራረቱና አጻጻፉ

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከቁጥራቸው ጋር የማይመሳሰሉ ስለሆኑ እንዳሉ ይያዛሉ፦ «ዋን» «ፈርስት»፣ «ቱ» «ሰከንድ»፣ «ስሪ» «ሰርድ» ይሆናሉ። ከአራት ጀምሮ ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ ያ የጠቀስነው ድምፅ ይጨመርበታል፦ «ፎርስ»፣ «ሲክስስ»፣ «ሰቨንስ»፣ «ቴንስ»። በፊደል አጻጻፍ የሚያስቸግሩት ጥቂቶች ናቸው። «ፋይቭ» «ፊፍስ» ሲሆን «ቪ» በ«ኤፍ» ትተካለች፣ የመጨረሻዋ «ኢ»ም ትወድቃለች፤ «ትዌልቭ» ወደ «ትዌልፍስ» ሲሄድም የሚደረገው ይኸው ነው። «ኤይት» አስቀድሞ በ«ቲ» ስለሚያልቅ «ኤች» ብቻ ይጨመርበታል እንጂ «ቲ» አትደገምም። «ናይን» የመጨረሻዋን «ኢ» ይጥላል፤ ይህችን ፊደል ሳይጥሉ መጻፍ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ዘንድ የሚታይ ስሕተት ነው። «ትዌንቲ»ን የመሳሰሉት በ«ዋይ» የሚያልቁ ዐሥሮች ደግሞ «ዋይ»ን በ«አይ» እና በ«ኢ» ይለውጡና አንድ ተጨማሪ ድምፅ አግኝተው «ትዌንቲየስ»፣ «ሰርቲየስ» እየተባሉ ይነበባሉ።

ቁጥሩ የተደራረበ ሲሆን የሚለወጠው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ይስማማሉ፤ እኛም «መቶ ሃያ አምስተኛ» እንላለን እንጂ «መቶኛ ሃያኛ አምስተኛ» አንልም። በ2021 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የተከበረው 125ኛው የዓድዋ ድል በዓል በእንግሊዝኛ «ዘ ዋን ሀንድረድ ኤንድ ትዌንቲ ፊፍስ አኒቨርሰሪ» ነው፤ «ዋን ሀንድረድ ኤንድ ትዌንቲ» ሳይነካ ቆይቶ «ፋይቭ» ብቻ ተለወጠች።

በአኃዝ ሲጻፍ ከቁጥሩ ቀጥሎ የቃሉ የመጨረሻ ሁለት ፊደላት ይቀመጣሉ፦ ለ1 «ኤስ ቲ»፣ ለ2 «ኤን ዲ»፣ ለ3 «አር ዲ»፣ ለቀሩት «ቲ ኤች»። ሕጉ የሚከተለው ድምፁን እንጂ የመጨረሻውን አኃዝ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። 21 ሲነበብ በ«ፈርስት» ስለሚያልቅ «ኤስ ቲ» ይወስዳል፤ 11 ግን «ኢለቨንስ» ስለሚባል «ቲ ኤች» ይወስዳል፤ 12 እና 13ም እንደዚያው ናቸው። 11፣ 12 እና 13 ላይ የሚሳሳት ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ቢያነብ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቀዋል።

ከአነጋገር በኩል አንድ ጥንቃቄ ለሆቴል ሠራተኛ በጣም ያስፈልጋል። «ሰርቲንስ» 13ኛ ነው፣ «ሰርቲየስ» 30ኛ ነው፤ በስልክ ሲሰሙ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። በመጀመሪያው ቃል ላይ ድምፁ የሚከብደው በ«ቲንስ» ላይ ሲሆን፣ በሁለተኛው የሚከብደው መነሻው ላይ ነው። እንግዳው ክፍል ሲይዝ ከተጠራጠሩ «ዋን ስሪ ኦር ስሪ ዚሮ?» ብሎ አኃዙን ለይቶ መጠየቅ ትክክልና የተለመደ ነው፤ ሳይጠይቁ መዝግቦ እንግዳውን በሌላ ቀን ከመጠበቅ ይሻላል። «ፊፍቲንስ» እና «ፊፍቲየስ»ም በዚሁ መንገድ ይለያያሉ፤ ነገር ግን በወር ውስጥ 50ኛ ቀን ስለሌለ በቀን ቀጠሮ ላይ አያደናግሩም።

«ዘ»፣ «ኤ» እና ባለቤትነት፦ በቡና ሥርዓት ላይ

የቅደም ተከተል ቃል በእንግሊዝኛ ብቻውን ከስም ፊት መቆም አይወድም፤ ፊቱ ላይ ብዙውን ጊዜ «ዘ» ይፈልጋል። አማርኛ «ው»ን በመጨመር «ሁለተኛው ቤት» ይላል፤ ይህ «ው» ለ«ዘ» ቅርብ ነው። ልዩነቱ አማርኛ «ው»ን ብዙ ጊዜ መተው የሚችል መሆኑ ነው፤ «ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው»፣ «አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው» እንላለን። እንግሊዝኛ በእንዲህ ያለ ቦታ «ዘ»ን መተው አይፈቅድም፤ «ኦን ፊፍስ ፍሎር» ሳይሆን «ኦን ዘ ፊፍስ ፍሎር» ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል በአናባቢ ድምፅ የሚጀምር ከሆነ «ዘ» ወደ «ዚ» ይጠጋል፦ «ዚ ኤይትስ»፣ «ዚ ኢለቨንስ»፣ «ዚ ኤይቲንስ»።

የ«ዘ» እና የ«ኤ» ልዩነት በደንብ የሚታየው ጅማ ውስጥ ማንኛውም እንግዳ የሚቀመጥበት የቡና ሥርዓት ላይ ነው። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በጀበና ፈልቶ ሲቀርብ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ እንደሚቀዳ የታወቀ ነው። አስተናጋጇ ለእንግዳው ልታስረዳው ብትፈልግ እንዲህ ትላለች፦ «ዚስ ኢዝ ዘ ፈርስት ራውንድ። ዊ ኮል ኢት አቦል።» እዚህ ላይ «ራውንድ» የሚለውን መምረጥ ይሻላል፤ አቦል ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚቀዳ ዙር እንጂ አንድ ሲኒ አይደለምና። «ዘ» የገባው ዙሮቹ ሦስት መሆናቸው አስቀድሞ ስለታወቀ፣ ከሦስቱም የትኛው እንደሆነ ስለተለየ ነው።

እንግዳው አቦሉን ጠጥቶ ሲኒውን ሲመልስ ግን አነጋገሩ ይለወጣል፦ «ውድ ዩ ላይክ ኤ ሰከንድ ካፕ?» አሁን «ኤ» ገባ። «ኤ ሰከንድ» ሲባል ሐሳቡ «ሌላ አንድ፣ ተጨማሪ» ነው፤ ሁለተኛው ሲኒ ገና አልተቀዳም፣ እንግዳው ካልፈለገ ላይቀዳም ይችላል። በዚህ ቦታ «ዘ ሰከንድ ካፕ» ቢባል፣ ረከቦቱ ላይ ከተደረደሩት ሲኒዎች ሁለተኛውን እንዲያነሣ የተጠየቀ ይመስለዋል። ቶናው ከተቀዳ በኋላ ደግሞ ስለ እርሱ ሲወራ «ዘ ሰከንድ ራውንድ ኢዝ ኮልድ ቶና» ተብሎ ወደ «ዘ» ይመለሳል። «ኤ ሰርድ» እና «ዘ ሰርድ»ም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳሉ። በረካን ሳይጠጡ መነሣት ለምን እንደማይወደድ ለእንግዳ ለማስረዳት የሚያስፈልገው ዓረፍተ ነገርም ረጅም አይደለም፦ «ዘ ሰርድ ራውንድ፣ በረካ፣ ብሪንግስ ዘ ብሌሲንግ።»

ባለቤትን የሚያመለክት ቃል ሲኖር «ዘ»ም «ኤ»ም ይወጣሉ። «የመጀመሪያ ቀኔ» «ማይ ፈርስት ደይ» ነው፤ «ሁለተኛ ልጇ» «ኸር ሰከንድ ቻይልድ» ነው። «ዘ ማይ ፈርስት ደይ» የሚል አነጋገር በእንግሊዝኛ የለም። የሰው ስም ሲገባም እንዲሁ ነው፤ ከስሙ ጋር ባለቤትነትን የምታሳየው «ኤስ» ተጨምራ የቅደም ተከተሉ ቃል ይከተላል።

ቁጥር ሲጨመርበት የቅደም ተከተሉ ቃል ይቀድማል። «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት» «ዘ ፈርስት ስሪ ደይስ» ነው፤ ተርታው እንደ አማርኛው ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም።

ከስም በፊት ወይስ ከስም በኋላ?

እንግሊዝኛ አንድን ነገር በተራው ሲለየው ሁለት መንገድ አለው። ቁጥሩ ከስሙ በፊት ከቆመ የቅደም ተከተል ቃል ይሆናል፣ «ዘ»ም ይጨመርበታል፦ «ዘ ሰርድ ቻፕተር»። ቁጥሩ ከስሙ በኋላ ከቆመ ግን እንደ መለያ ስም ስለሚቆጠር ተራ ቁጥር ይሆናል፣ «ዘ»ም ይቀራል፦ «ቻፕተር ስሪ»። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሁለቱም መንገድ ይጠራል፤ «ዘ ሰከንድ ወርልድ ዋር» እና «ወርልድ ዋር ቱ» ትርጉማቸው አንድ ነው። ሁለቱን መንገዶች መቀላቀል ግን አይቻልም። «ቻፕተር ሰርድ» ወይም «ወርልድ ዋር ሰከንድ» የሚሉት የሁለቱ ቅይጥ ስለሆኑ ስሕተት ናቸው።

የክፍል ደረጃ ላይ ተማሪዎቻችን የሚደናገሩት ለዚህ ነው። «9ኛ ክፍል ነኝ» የሚለውን ቃል በቃል ሲመልሱት «አይ አም ናይን ክላስ» ወይም «ግሬድ ናይንስ» ይሆንባቸዋል። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የተለመደው «አይ አም ኢን ግሬድ ናይን» ነው፤ አሜሪካውያን ደግሞ ቅደም ተከተሉን ፊት አምጥተው «አይ አም ኢን ናይንስ ግሬድ» ይላሉ፤ በዚህ አነጋገር ልማዱ «ዘ»ን ሊተውም ሊያስገባም ይፈቅዳል። ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ይበቃል። የዩኒቨርሲቲ ዓመት ግን በቅደም ተከተል ቃል ይገለጻል፦ «አይ አም ኤ ሰከንድ ይር ስቱደንት»። «ኤ» እዚህ የገባችው «ስቱደንት» ለሚለው ስለሆነ መተው የለባትም፤ «ይር»ም ብዙ ቁጥር አትሆንም። «3ኛ ዓመት ላይ ነኝ» ለማለት «አይ አም ኢን ማይ ሰርድ ይር» ማለት ይቻላል።

በቡና ንግድ ያሉ ሰዎች ይህን ልዩነት ሳያውቁትም በትክክል ይጠቀሙበታል። ወደ ውጭ የሚላከው ያልታጠበ የጅማ ቡና ደረጃ «ጅማ 5» ተብሎ በዓለም ገበያ ይታወቃል፤ በእንግሊዝኛ «ጂማ ፋይቭ» ይባላል እንጂ «ጂማ ፊፍስ» አይባልም፤ ቁጥሩ ከስሙ በኋላ የመጣ መለያ ስለሆነ ነው። በአማርኛ «5ኛ ደረጃ ቡና» ብሎ የጻፈ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው «ግሬድ ፋይቭ» ይበል። ለገዢ «ፊፍስ ግሬድ ኮፊ» ቢለው አድማጩ ስለ ትምህርት ቤት የተነገረው ሊመስለው ይችላል። የሆቴል ክፍል፣ የመጽሐፍ ገጽ፣ የአውቶቡስ መቀመጫ፣ የባንክ መስኮት ሁሉ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፦ «ሩም ቱ ዚሮ ፋይቭ»፣ «ፔጅ ትዌልቭ»፣ «ሲት ናይን»።

ቀን፣ ወርና ክፍለ ዘመን

ቀን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አማርኛ የወሩን ቀን በተራ ቁጥር ይጠራዋል፤ እንግሊዝኛ ግን አኃዙ ብቻ ቢጻፍም በንባብ ጊዜ የቅደም ተከተል ቃል ያደርገዋል። ሚያዝያ 27 የሚከበረው የአርበኞች የድል ቀን በእነርሱ ሜይ 5 ነው። እንግሊዞች ቀኑን አስቀድመው ይጽፉና «ዘ ፊፍስ ኦፍ ሜይ» ብለው ያነቡታል፤ «ዘ» እና «ኦፍ» በጽሑፉ የሉም፣ በንባብ ግን ይሰማሉ። አሜሪካውያን ወሩን አስቀድመው ይጽፉና «ሜይ ፊፍስ» ይሉታል። «ሜይ ፋይቭ» የሚለው አነጋገር በአሜሪካ አንዳንዴ ይሰማል፤ «ፋይቭ ሜይ» ግን ከወታደር ቤት አነጋገር ውጭ የተለመደ አይደለምና ተማሪ ባይለምደው ይሻላል። ከቀኑ በፊት የሚገባው መስተዋድድ «ኦን» ነው፤ ወሩ ብቻውን ሲሆን «ኢን» ይሆናል፦ «ኦን ዘ ፊፍስ ኦፍ ሜይ»፣ «ኢን ሜይ»።

በዓላቶቻችንን ለእንግዳ ስንነግር ቃሉን ከማወቅ በተጨማሪ ቀኑንም ማስተካከል ያስፈልጋል። ገና በአብዛኛው «ዘ ሰቨንስ ኦፍ ጃንዩወሪ» ነው። እንቁጣጣሽ ብዙውን ጊዜ «ዚ ኢለቨንስ ኦፍ ሴፕቴምበር» ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን አንድ ቀን ተገፍቶ «ዘ ትዌልፍስ» ይሆናል፤ የ2016 ዓ.ም. አዲስ ዓመት የገባው በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። መስቀልም በዚያው ልክ ከ«ትዌንቲ ሰቨንስ» ወደ «ትዌንቲ ኤይትስ» ይገፋል። ስለዚህ ለሚመጣው እንግዳ ቀን ከመጻፋችን በፊት የዓመቱን መቁጠሪያ ማየት ተገቢ ነው።

«መጀመሪያው ወር»፣ «ሦስተኛው ወር» የሚሉ አነጋገሮችን ከውጭ ሰው ጋር ባንጠቀምባቸው ይመረጣል። ለእኛ መጀመሪያው ወር መስከረም ነው፣ ለእርሱ ግን ጃንዩወሪ ነው፤ «ዘ ሰርድ መንስ» ብንለው ኅዳርን አስበን ማርችን ይሰማል። የወሩን ስም መጥራት ችግሩን ያስወግደዋል። ጳጉሜን «ዘ ሰርቲንስ መንስ» ብሎ ማስረዳት ግን ያምራል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር በእነርሱ መቁጠሪያ ስለሌለ የሚያደናግር ነገር የለውም፣ እንግዶችም ስለ እርሷ መስማት ይወዳሉ።

ክፍለ ዘመን ሁልጊዜ በቅደም ተከተል ቃልና በ«ዘ» ይጠራል፦ «ኢን ዘ ናይንቲንስ ሴንቸሪ»። ይህ ከ1801 እስከ 1900 ያለውን ጊዜ የሚይዝ ስለሆነ፣ ዓመቱ በ18 ሲጀምር ክፍለ ዘመኑ 19ኛ ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ይዞ በእንግሊዝኛ ክፍለ ዘመን መጥራት ያሳስታል፤ 1895 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ገና 19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው፣ በአውሮፓውያኑ ግን 1902 እና 1903 ላይ ስለሚያርፍ «ዘ ትዌንቲየስ ሴንቸሪ» ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ዓመቱን መለወጥ፣ ከዚያ በኋላ ክፍለ ዘመኑን መጥራት።

ዳግማዊ አባ ጅፋርን በእንግሊዝኛ መጥራት

ጅሬን ላይ የሚያስጎበኝ ሰው በቀን ስንት ጊዜ የሚጠራው ስም የቅደም ተከተል ቃል አለበት። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ላይ የንጉሡ ስም ሲጻፍ ከስሙ ቀጥሎ በሮማውያን ቁጥር ሁለት ቋሚ መስመር ብቻ ይቀመጣል። ይህን «አባ ጅፋር ቱ» ብሎ ማንበብ ስሕተት ነው። በጽሑፉ ባይኖርም «ዘ» ተጨምሮ «አባ ጅፋር ዘ ሰከንድ» ተብሎ ይነበባል። አማርኛ ለነገሥታት ከግዕዝ የወረሰውን ተርታ ይጠቀማልና «ቀዳማዊ»ን እና «ዳግማዊ»ን ከስም በፊት ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ ግን ሁልጊዜ ከስም በኋላ ያደርገዋል። ዳግማዊ ምኒልክ «ምኒልክ ዘ ሰከንድ»፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ኃይለ ሥላሴ ዘ ፈርስት»፣ አራተኛው ዮሐንስ «ዮሐንስ ዘ ፎርስ» ይባላሉ። በአፋን ኦሮሞም «አባ ጅፋር ለመፋ» ሲባል ቃሉ ከስም በኋላ ስለሚመጣ፣ ኦሮምኛ ለሚናገር አስጎብኚ የእንግሊዝኛው አቀማመጥ እንግዳ አይሆንበትም። ይህ ጅማ ላይ ያለ ጥሩ ዕድል ነው፤ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ተማሪ አንዱ ባያግዘው ሌላው ያግዘዋል።

ሙሉው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «አባ ጅፋር ዘ ሰከንድ ሩልድ ጂማ ፍሮም ኤይቲን ሰቨንቲ ኤይት ቱ ናይንቲን ሰርቲ ቱ።» ዓመት መቼም ቢሆን የቅደም ተከተል ቃል አይወስድም፤ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የተጻፈው 1878 ለሁለት ተከፍሎ በተራ ቁጥር ይነበባል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ንጉሡ በቅደም ተከተል፣ ዓመቱ በተራ ቁጥር መጠራቱ ልብ ይባልልኝ። ስለ ዘመኑ ሲጠየቅም «ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 20ኛው መጀመሪያ» የሚለውን «ፍሮም ዘ ሌት ናይንቲንስ ቱ ዚ ኧርሊ ትዌንቲየስ ሴንቸሪ» ብሎ መመለስ ይቻላል።

ፎቅና መታጠፊያ

እኛ አገር ሕንጻ «ጂ ፕላስ 4» ሲባል ምድር ቤቱ ሳይቆጠር አራት ፎቅ ማለት ነው። የእንግሊዞች አቆጣጠርም ይኸው ነው፦ ምድሩ «ግራውንድ ፍሎር»፣ ከላዩ ያለው «ፈርስት ፍሎር» ይባላል። አሜሪካውያን ግን ምድሩን ራሱን «ፈርስት ፍሎር» ስለሚሉት የእኛ አንደኛ ፎቅ ለእነርሱ «ሰከንድ ፍሎር» ነው። በእንግዳ መቀበያ ላይ የሚሠራ ሰው የእንግዳውን አገር ለማወቅ አይገደድም፤ «ኦን ዘ ፈርስት ፍሎር፣ ዋን ፍላይት አፕ» ቢል፣ ማለትም አንድ ደረጃ እንደሚወጣ ቢጨምር፣ ማንም አይሳሳትም።

መንገድ ሲጠቁሙ «ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወደ ግራ» የሚለው «ቴክ ዘ ሰከንድ ተርኒንግ ኦን ዘ ሌፍት» ይሆናል፤ በአጭሩ «ዘ ሰከንድ ሌፍት»ም ይበቃል። ለምሳሌ ከፈረንጅ አራዳ ወደ አንድ ሆቴል የሚሄድን እንግዳ ለመምራት «ጎ ስትሬት፣ ዜን ቴክ ዘ ሰርድ ራይት» ማለት ይቻላል። እዚህም «ዘ» አይቀርም።

ውድድርና ማዕረግ

«አንደኛ ወጣች» የሚለውን «ሺ ኬም ፈርስት» ብለን እንመልሰዋለን። ከ«ኬም» እና ከ«ፊኒሽድ» በኋላ «ዘ» አይገባም፤ ከላይ የተናገርነው ሕግ ቀዳዳ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም «ፈርስት» ከስም ፊት አልቆመም። ስም ከተከተለው ግን «ዘ» ሊቀርም ሊገባም ይችላል፦ «ሺ ዋን ፈርስት ፕራይዝ» የተለመደ ነው፣ «ዘ ፈርስት ፕራይዝ»ም ይባላል። ከክፍሏ ሦስተኛ የወጣች ተማሪ «ሺ ኬም ሰርድ ኢን ኸር ክላስ» ትባላለች፤ አማርኛው «ከክፍሏ» ስለሚል «ፍሮም» ማለት ይቀናናል፣ እንግሊዝኛው ግን «ኢን» ነው።

በታሪክ መጀመሪያ የሆነን ሰው ለመግለጽ የሚያገለግለው አነጋገር በደንብ ሊለመድ ይገባዋል፤ «ዘ ፈርስት» ከዚያ ስም፣ ከዚያ «ቱ» እና ግሥ ይከተላሉ። ደራርቱ ቱሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች፦ «ሺ ዋዝ ዘ ፈርስት ብላክ አፍሪካን ውማን ቱ ዊን አን ኦሎምፒክ ጎልድ ሜዳል።» በ1960 ሮም፣ በ1964 ቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላም «ዘ ፈርስት ማን ቱ ዊን ዚ ኦሎምፒክ ማራቶን ትዋይስ» ነው። አማርኛው «ያሸነፈ የመጀመሪያው» እያለ ግሡን አስቀድሞ የሚያመጣውን እንግሊዝኛ ወደ ኋላ ይወስደዋል።

«ሰከንድ» ከሚያበላልጥ ቃል ጋር ሲሄድም ቦታው ከፊት ነው። ኢትዮጵያ በሕዝብ ብዛት ከአፍሪካ ሁለተኛ መሆኗ «ዘ ሰከንድ ሞስት ፖፑለስ ካንትሪ ኢን አፍሪካ» ተብሎ ይነገራል። «ፈርስት» ግን በዚህ ቦታ አይገባም፤ ከሁሉ የሚበልጠው «ዘ ላርጀስት» ይባላል እንጂ «ዘ ፈርስት ላርጀስት» አይባልም።

«ለመጀመሪያ ጊዜ»፣ «በመጀመሪያ» እና «መጀመሪያ ላይ»

አማርኛ «መጀመሪያ» በሚለው አንድ ቃል ዙሪያ የሚሠራውን እንግሊዝኛ በብዙ አነጋገር ይከፋፍለዋል፤ ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ወስዶ ሊጠና የሚገባው ይህ ይመስለኛል። «ጅማን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ባለፈው ዓመት ነው» ሲባል «አይ ሶው ጂማ ፎር ዘ ፈርስት ታይም ላስት ይር» ይሆናል። እንግዳው አሁን ቆሞ «ጅማን ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» ለማለት ከፈለገ ግን ግሡ ይለወጣል፦ «ዚስ ኢዝ ዘ ፈርስት ታይም አይ ሀቭ ቪዚትድ ጂማ።» ከ«ዚስ ኢዝ ዘ ፈርስት ታይም» በኋላ «ሀቭ» ይከተላል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜም በዚሁ መንገድ ይገለጻሉ። ማጠር ከተፈለገ «ኢዝ ዚስ ዩር ፈርስት ታይም ኢን ጂማ?» ብሎ መጠየቅ ትሕትና ያለው የሆቴል ጥያቄ ነው።

ሥራ በተርታ ሲነገር «ፈርስት» ብቻውን ይበቃል፦ «ፈርስት ዋሽ ዘ ቢንስ፣ ዜን ሮስት ዜም»፤ መጀመሪያ ቡናውን አጥቦ ከዚያ መቁላት ማለት ነው። በክርክር ወይም በድርሰት ምክንያቶችን ለመደርደር «ፈርስት» ወይም «ፈርስትሊ»፣ «ሰከንድሊ»፣ «ሰርድሊ» ይባላል፤ ከ«ሰርድሊ» ወዲያ መሄድ ከባድ ስለሚሆን «ፋይናሊ» ብሎ መዝጋት ይመረጣል። «አት ፈርስት» ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነበር፣ በኋላ ግን ተለወጠ» የሚል ሐሳብ ሲኖር ብቻ ይገባል፦ «አት ፈርስት ሂ ዲድ ኖት ላይክ ዘ ኮፊ ዊዝ ሶልት፣ በት ናው ሂ አስክስ ፎር ኢት።» ቀጥሎ ለውጥ የማይነገር ከሆነ «አት ፈርስት»ን መጠቀም አድማጩን ያልመጣ ነገር እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

በየተወሰነ ጊዜ የሚደገም ነገርም በዚህ ተርታ ይነገራል። አንድ ቀን እየዘለለ የሚመጣ ነገር «ኤቭሪ ሰከንድ ደይ» ወይም «ኤቭሪ አዘር ደይ» ነው፤ በየሦስት ቀኑ «ኤቭሪ ሰርድ ደይ» ወይም «ኤቭሪ ስሪ ደይስ» ይባላል። ከ«ኤቭሪ» በኋላ የቅደም ተከተል ቃል ከመጣ ስሙ ነጠላ፣ ተራ ቁጥር ከመጣ ብዙ ይሆናል።

ክፍልፋይና የተለመዱ ስያሜዎች

ክፍልፋይ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ መንገዳቸው አንድ ነው፤ «አንድ ሦስተኛ» «ዋን ሰርድ»፣ «ሁለት ሦስተኛ» «ቱ ሰርድስ» ይባላል። የላይኛው ቁጥር ከአንድ ሲበልጥ የታችኛው የብዙ ቁጥር «ኤስ» እንደሚያገኝ ብቻ ይታወስ። ግማሽ «ሃፍ» ነው፣ «ሰከንድ» አይሆንም፤ ሩብም በብዛት «ኳርተር» ይባላል።

በየቢሮው ፎርም ላይ የሚያጋጥመው «ፈርስት ኔም» የራስ ስም ነው። «ላስት ኔም» ግን የቤተሰብ መጠሪያ ማለት በመሆኑና እኛ ያ ስለሌለን፣ ፎርም ስንሞላ ፓስፖርታችን ላይ ስሞቻችን የተቀመጡበትን ቅደም ተከተል መከተል ይበጃል፤ በአንዱ ፎርም የአባትን፣ በሌላው የአያትን ስም መጻፍ ኋላ ሁለት የተለያየ ሰው ያስመስላል። ባለመኪናና ባለባጃጅ የሚያውቀው የሦስተኛ ወገን መድን «ሰርድ ፓርቲ ኢንሹራንስ» ነው። «ፈርስት ኤይድ» የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ነው። ያገለገለ ዕቃ «ሰከንድ ሀንድ» ይባላል። «ሰከንድ» የጊዜ መለኪያም ስለሆነ «ዋን ሰከንድ፣ ፕሊዝ» ሲሰማ ሰውየው ጥቂት እንድንጠብቀው የጠየቀ መሆኑን ከአገባቡ እንረዳለን፤ የጊዜው «ሰከንድ» ብዙ ቁጥር ሊሆንና ተራ ቁጥር ከፊቱ ሊመጣ ይችላል፣ የቅደም ተከተሉ ግን በዚያ መልክ አይቆጠርም።